መልስ፦ የግራምብሊንግ ስም እንዴት ገነነ?

ወንድሜ፣ «ግራምብሊንግ ትንሽ የጥቁሮች ኮሌጅ ሆኖ ሳለ በአሜሪካ ፉትቦል እንዴት እንዲህ ገነነ?» ላልከው (ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት ጨዋታ ነው)፣ ከሁሉ በፊት አሰልጣኙን ኤዲ ሮቢንሰንን እወቀው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

ሮቢንሰን በደቡባዊቷ የአሜሪካ ግዛት ሉዊዚያና ወዳለው ወደዚህ ኮሌጅ የመጣው በ1941 ነው። ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበር። የሜዳውን ሣር የሚያጭደው እሱ፣ የጨዋታ ዘገባ ለጋዜጣ የሚጽፈውም እሱ። በ1942 ቡድኑ 9 ጨዋታ አድርጎ ሁሉንም አሸነፈ። አንድም ነጥብ አልገባበትም!

ግን ታሪኩን ከዘር መድልዎ ነጥለህ እንዳታየው። ያኔ የአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ትልልቆቹ የነጮች ዩኒቨርሲቲዎች ለጥቁር ተጫዋች በራቸው ዝግ ነበር። ስለዚህ የአካባቢው ጎበዝ ልጅ ሁሉ ሮቢንሰን ጋ ይመጣል። ከግራምብሊንግ የወጣው ታንክ ያንገር በ1949 ለሎስ አንጀለስ ራምስ ቡድን ሲፈርም፣ ከጥቁሮች ኮሌጅ ወጥቶ ኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ፕሮፌሽናል ሊግ) የገባ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። ከእሱ በኋላ ከ200 በላይ የሮቢንሰን ተጫዋቾች ፕሮፌሽናል ሆነዋል። እኔ ከዋንጫዎቹ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

በጥር 1988 ደግሞ የሮቢንሰን ተማሪ የነበረው ዳግ ዊሊያምስ የዋሽንግተንን ቡድን እየመራ የዴንቨርን ቡድን 42 ለ 10 ረታ፤ የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ ሱፐር ቦውልን ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ (የቡድኑን ማጥቃት የሚመራ ተጫዋች) ነው። ሮቢንሰን በ1997 በ408 ድል ጡረታ ሲወጣ፣ ቦታውን የተረከበው ይኸው ተማሪው ነው።

ጨዋታቸውን ማየት ከፈለግክ፣ በታንክስጊቪንግ (በኅዳር የሚከበረው የአሜሪካውያን የምስጋና በዓል) ሰሞን ኒው ኦርሊንስ ላይ ከሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚያደርጉት ባዩ ክላሲክ የተባለው ጨዋታ እንዳያመልጥህ። የሁለቱ ማርሽ ባንዶች ፉክክር ብቻውን ይበቃል።