መናገር የማትችል ልጅ ማህፀኗ ይውጣላት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። የ14 ዓመት ልጄ ከተወለደች ጀምሮ አትራመድም፣ አትናገርም፣ የሚጥል በሽታም አለባት። ዘንድሮ የወር አበባ ስለጀመራት ዘመዶቼ «ማህፀኗን አስወጪላት፤ አንቺም ታርፊያለሽ፣ ሰው ቢደፍራት እንኳ አታረግዝም» ይሉኛል። ባስደርገው ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅታችን፣ ቤተ ክርስቲያን ሕክምናን አትቃወምም፤ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብሩ ይላልና። (ጠበል ስለምትጠመቅ ብለው የሚጥል በሽታ መድኃኒቷን አቋርጠው ከሆነ ግን ዛሬውኑ ለሐኪሟ ይንገሩ።)

በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት በመጀመሪያው ቀኖናቸው፣ ስለታመመ ሐኪም የሰለበውን ሰው ከክህነት አልከለከሉትም፤ ጤነኛ ሳለ ራሱን የሰለበውን ግን ከክህነት እንዲሻር ወስነዋል። ቀኖናው የተነገረው ስለ ካህናት ቢሆንም፣ በሽታን ለማዳን አካልን መቁረጥና ጤነኛውን አካል መቁረጥ አንድ እንዳልሆኑ ስለሚያስረዳ ለእርስዎም ይጠቅማል። ስለዚህ ዕጢ ወይም በመድኃኒት አልቆም ያለ የደም መፍሰስ ኖሮባት ሐኪም ቢያዝ፣ ቀዶ ሕክምናው ኃጢአት አይሆንብዎትም። ጤነኛውን ማህፀን አስታማሚ እንዲያርፍ ብሎ ማስወጣት ግን የእኛን ድካም ለመቀነስ የእርሷን ሥጋ መቁረጥ ነውና አልፈቅድልዎትም። ሀገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 23፣ ሕፃናትን ጨምሮ የአካል ጉዳተኞች የመውለድ ችሎታ እንዲጠበቅ ይደነግጋል።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ስለ መደፈር የተባለው ነው። ማህፀኗ ቢወጣ የሚቀረው እርግዝናው እንጂ መደፈሩ አይደለም፤ እንዲያውም ደረሰብኝ ብላ መናገር በማትችል ልጅ ላይ የተፈጸመውን ግፍ ሊያጋልጥ የሚችል አንድ ምልክት ይጠፋል። ዘመዶችዎ ይህን በእውነት ከፈሩ፣ መጀመሪያ መነጋገር ያለባችሁ ማን እንደሚያጥባትና ከማን ጋር ብቻዋን እንደምትቀር ነው።

በድሬ ሙቀት የደረሰች ልጅ እያነሡ፣ እያጠቡና እየቀየሩ መዋል ምን ያህል እንደሚያደክም አላጣሁትም። ደሙን የሚቀንሱ ወይም ለጊዜው የሚያስቀሩ መድኃኒቶች ስላሉ፣ በድል ጮራ ወይም ሐረር በሕይወት ፋና ሆስፒታል የማህፀን ሐኪም ያማክሩ። አንዳንዶቹ ከሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ጋር ስለማይስማሙ የምትወስደውን ከነማሸጊያው ይዘው ይሂዱ። ዕረፍት ግን በእርግጥ ያስፈልግዎታል፤ ምክር የሰጡዎትን ሴት ዘመዶችዎን፣ የሚያምኗቸውን መርጠው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ተራ እንዲገቡልዎ ይጠይቋቸው፤ እንቢ ካሉ ለነፍስ አባትዎ ይንገሩና እርሳቸው ያነጋግሯቸው።