ፒንግ ስላደረገ አስተማማኝ ነው ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ «ለ4 ፎቅ ቢሮ 9 ስዊች (ኮምፒውተሮችን የሚያገናኝ መሣሪያ) ያለው ኔትወርክ ፓኬት ትሬሰር (የኔትወርክ ማስመሰያ ፕሮግራም) ላይ ሠራሁ፤ ሁሉም ፒንግ ያደርጋል (አንዱ ለሌላው መልእክት ልኮ መልስ ያገኛል)፤ አስተማማኝ ነው ብዬ ለአለቃዬ ላቅርበው?» ላልከው፣ ገና ነህ። እስካሁን ያየኸው ምንም ሳይበላሽ እንደሚሠራ ነው።

አሁን አበላሸው። ከአንድ ኮምፒውተር ፒንጉን ሳታቋርጥ ልቀቅና አፕሊንኮቹን (ስዊቾቹን ወደ ዋናው ስዊች የሚያገናኙትን ኬብሎች) አንድ በአንድ ንቀል፤ ከዚያ ዋናውን ስዊች አጥፋ። በየጊዜው ስንት ሰከንድ እንደጠፋ ጻፍ። ሴቲንጉን ካልነካኸው የሚሠራው የድሮው ስፓኒንግ ትሪ ነው፤ ይህ መረጃ ዙሪያ እንዳይዞር ትርፍ መንገዶችን ዘግቶ የሚይዝ፣ አንዱ ሲቆረጥ ሌላውን የሚከፍት ሥርዓት ነው። ለመክፈት ሁለት የመጠበቂያ ደረጃ ያልፋል፤ ሊስኒንግ 15፣ ለርኒንግ 15 ሰከንድ ይፈጃል። የተቆረጠው ሊንክ ስዊቹ በቀጥታ የማያየው ከሆነ 20 ሰከንድ ይጨመርበታል። ድረ ገጽ ለሚያነብ ሰው ምንም አይደል፤ በአይፒ ስልክ ለሚያወራ ግን ስልኩ ጆሮው ላይ ተዘጋ ማለት ነው። ወደ ራፒድ (ፈጣኑ ስፓኒንግ ትሪ) ቀይረህ ድገመው።

ሩት ብሪጁ፣ ማለትም ስፓኒንግ ትሪ መንገዶችን ሁሉ ከእሱ ተነስቶ የሚያሰላበት ስዊች፣ ማን እንደሆነም እይ። እኔ በዚህ ተቀጥቻለሁ። ፕራዮሪቲውን (ሩት ብሪጁ የሚመረጥበትን ቁጥር፤ ትንሹ ያሸንፋል) ሳልነካ ሁሉንም 32768 ላይ ተውኳቸው። እኩል ሲሆኑ ደግሞ ትንሹ ማክ አድራሻ (ከፋብሪካ የተሰጠ መለያ ቁጥር) ያለው ያሸንፋል፣ ብዙ ጊዜ አሮጌው ማለት ነው። መጋዘን ውስጥ አቧራ የጠጣ ስዊች የህንፃው ሁሉ ንጉሥ ሆኖ ከረመ፤ ሰው «ኔትወርኩ ተንቀራፈፈ» ሲለኝ እኔ ኬብል ስቀይር ነበር። ሲሙሌሽኑ ላይ አንዲት የሾው ትእዛዝ (የስዊቹን ሁኔታ የምታሳይ) ብጽፍ ይታየኝ ነበር።

ጭነት ሲበዛ ምን ይሆናል ለሚለው ፓኬት ትሬሰር አይሆንህም፤ ኦምኔት++ ወይም ኤንኤስ-3 የሚባሉትን ማስመሰያዎች ሞክር።

ትልቁ ጉድ ግን ሥዕሉ ላይ የሌለው ነው። አንድ ስዊች ከጊዜው 99% የሚሠራ ከሆነ በዓመት ወደ 88 ሰዓት ይጠፋል። ሁለት ጎን ለጎን ስታደርግ ስሌቱ 99.99% ይሰጥሃል፣ በዓመት 53 ደቂቃ ያህል። ደስ ይላል። ግን ይህ የሚሠራው ሁለቱ በየራሳቸው ምክንያት ሲበላሹ ብቻ ነው። ሁለቱንም አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባትሪ) ላይ ከሰካሃቸው ባትሪው ያለቀ ቀን አብረው ይሄዳሉ፤ የእኛን የመብራት ነገር ደግሞ ታውቀዋለህ። ሁለቱ ፋይበሮች በአንድ ቱቦ ካለፉም ያው ነው፤ አንድ ቆፋሪ ሁለቱንም ይበጥሳቸዋል። ስለዚህ በየስዊቹ ጎን መብራቱ ከየት እንደሚመጣ፣ በየሊንኩ ላይ በየትኛው ቱቦ እንደሚያልፍ ጻፍና አንድ ነገር የሚጋሩትን ሁሉ በአንዴ አጥፋቸው። የኔ ዲዛይን መጀመሪያ የወደቀው እዚህ ላይ ነው።

የአንተ ሁለት ዋና ስዊቾች የት የት ነው የሚቀመጡት? አንድ ራክ (የመሣሪያ መደርደሪያ) ውስጥ ከሆነ ከመቀጠልህ በፊት ሥዕሉን እዚህ ለጥፈው፣ እንየው።