መልስ፦ የሚያቀላ ክሬም የተቀባ ቆዳ ቁስሉ ይድናል ወይ?

እህቴ፣ ለሦስት ዓመት የሚያቀላ ክሬም ስትቀቢ ቆይተሽ አሁን የኦፕራሲዮን ቀጠሮሽ ስለደረሰ «ቁስሌ ይገጥም ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል። መልሱ ቱቦው ላይ ባለው ስም ይወሰናል። ሃይድሮኪኖን ከሆነ፣ ሜላኖሳይት የሚባሉት ሴሎች ቀለም የሚሠሩበትን ታይሮሲኔዝ የተባለ ኢንዛይም ያግዳል። ለዓመታት ሲቀቡት ጉንጭ ላይ ሰማያዊ የሚመስል ጥቁረት ሊያመጣ ይችላል፤ እሱ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም።

ለቁስል ግን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ክሎቤታሶል ነው። ኃይለኛ ስቴሮይድ (የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት) ነው፤ ቆዳን የሚያጠነክረውን ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን የሚያመርቱትን ፋይብሮብላስት ሴሎች ያደክማል፣ ቆዳው ይሳሳል፣ የተሰፋው ቶሎ አይገጥምም፣ ኢንፌክሽንም ይቀለዋል። አክስቴ ክንዷ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር ሲነሳ ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አብሮ ተነሳ። ያን ካየሁ ወዲህ ዝም ማለት አልችልም።

ስቴሮይድ ከሆነ በራስሽ ድንገት አታቁሚው፤ ቆዳሽ ደም መስሎ ሊቆጣና ሊያቃጥልሽ ይችላል። ሰፊ ቦታ ስትቀቢ ከነበረ ሰውነትሽ ኮርቲሶል የተባለውን፣ እንደ ኦፕራሲዮን ያለ ጫና የሚቋቋምበትን የራሱን ሆርሞን ማምረት ቀንሶ ሊሆን ስለሚችል፣ ማደንዘዣ ለሚሰጥሽ ሐኪም የግድ ንገሪው። ቱቦውን ይዘሽ ሂጂ፣ እባክሽ አትፈሪ። ያልዳነ ቁስል ላይ ደግሞ ጭራሽ እንዳትቀቢው።