ገበሬው ጤፍ በመስመር መዝራትን ለምን ይሸሻል?

ሰላም ወንድሜ። በተመደብክበት ቀበሌ ገበሬዎቹ ጤፍ በመስመር ለመዝራት «እሺ» ብለውህ፣ ዘወር ስትል እንደሚበትኑት ጽፈህ «ለምን ለውጥ ይጠላሉ?» ብለሃል። እኔ ይጠላሉ አልልም። ቁንጮ የተባለውን የተሻሻለ የጤፍ ዝርያ አስታውስ። እንደ ፈረንጆቹ በ2006 ከተለቀቀ በኋላ ከገበሬ ወደ ገበሬ ሲዛመት ማን አስገደዳቸው? ነጭ ነው፣ ገበያ ላይ ይፈለጋል፣ እንደ ድሮው ቢበትኑትም ይበቅላል።

መስመር ግን ሌላ ጣጣ አለው። በሄክታር 30 ኪሎ ገደማ ሲበትን የኖረን ሰው 5 ኪሎ ይበቃሃል ስትለው መሬቱን ጦም ልታሳድርበት ይመስለዋል። መጀመሪያ ላይ ማሳው ሳሳ ብሎ ይታያል፤ መንገደኛው ሁሉ ያየዋል። «ምነው፣ ዘር አጠረው እንዴ?» መባል በገጠር ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞ ክዳኑ በተበሳ ሃይላንድ ጎንበስ ብሎ ዘር ማንጠባጠቡን አስበው! ያ ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ብዙ ጊዜ ሚስትና ልጆች ላይ ይወድቃል። ባልየውን ብቻ ሰብስበህ ካሳመንክ ግማሹን ቤት አላናገርክም።

«እሺ»ውም ቢሆን ከልብ አይደለም። ማዳበሪያ የሚመጣው በቀበሌ በኩል ነው፤ ከዚያ የመጣን ሰው ፊት ለፊት እምቢ ማን ይላል?

እኔ ብሆን ከመንገድ ራቅ ባለች ቁራሽ መሬት አስጀምራለሁ፣ ባይሳካ እንዳይሳቅበት። ሞዴል ገበሬ የሚባለውንም አልመርጥም። እሱ ቢሳካለት «እሱማ በሬም ጉልበትም አለው» ይባላል። መካከለኛውን ያዝ፤ ሚስቱም ባለችበት ቡና ላይ አውራቸው።