የበጀት መጨመርና የተማሪዎች ውጤት፦ ለጥያቄዎ የተሰጠ መልስ

ለትምህርት ቤቶቻችን የሚመደበው በጀት ቢያድግ የልጆቻችን ውጤት አብሮ ያድግ እንደሆነ ከደብረ ማርቆስ ለጠየቁን ወንድማችን፤ ሊያድግ ይችላል፣ ነገር ግን ገንዘቡ የሚውልበት ነገር ከመጠኑ ባልተናነሰ ይወስናል።

ጃክሰን፣ ጆንሰንና ፐርሲኮ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የአሜሪካ ጥናት፣ ለአንድ ተማሪ የሚወጣው ወጪ በ12ቱም የትምህርት ዓመታት በ10 በመቶ ሲጨምር፣ ልጆቹ አድገው የሚያገኙት ደመወዝ 7 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ይበልጥ የተጠቀሙትም የድሃ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። በአንጻሩ ኢንዶኔዥያ የመምህራንን መሠረታዊ ደመወዝ በእጥፍ ስታሳድግ የተማሪዎቹ የፈተና ውጤት አልተሻሻለም። ለእኛ ኑሮ የሚቀርበው ግን የታንዛኒያው ሙከራ ይመስለኛል፤ በዚያ ለትምህርት ቤቶች የተሰጠው ድጎማ ብቻውን ውጤት አላመጣም፣ በተማሪዎች ውጤት ላይ ተመሥርቶ ለመምህራን ከሚከፈል ማበረታቻ ጋር ሲጣመር ግን ልጆቹ በተሻለ ተምረዋል።

በጎጃም ገጠር በአንድ ትምህርት ቤት፣ አዳዲስ መጻሕፍት እንዳይቀደዱ በሚል በመጋዘን ተቆልፎባቸው፣ በክፍል ውስጥ ግን ሦስት ልጆች በአንድ አሮጌ መጽሐፍ ላይ ተደፍተው ሲያነቡ ተመልክቻለሁ። ይህ በእጅጉ ያሳዝናል፤ ገንዘቡ ወጥቷል፣ ልጆቹ ዘንድ ግን አልደረሰም። በዳስ ሥር ለሚማሩት ክፍል መሥራት ግዴታ መሆኑን አልክድም። ሆኖም በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ስለ በጀቱ ሲነሣ፣ በቅድሚያ መጻሕፍቱ በልጆቹ እጅ መግባታቸውንና የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ልጆች ማንበብ መቻላቸውን እንዲጠይቁ አደራ እላለሁ።