አብራሪው ነፃ ከተባለ፣ ጥፋቱ የማን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ብራይተን ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 22 ቀን 2015 እዚህ አጠገባችን ሾረሃም በተካሄደ የአየር ትርኢት ላይ አንድ አሮጌ ሃንተር ጄት አውራ ጎዳና ላይ ወድቆ 11 ሰዎች ሞቱ። በ2019 ፍርድ ቤት አብራሪውን ነፃ አለው። በ2022 ግን የሰው አሟሟት የምትመረምረው ኮሮነር ሟቾቹ በሕገ ወጥ መንገድ ተገድለዋል ብላ ወሰነች። ይህ እንዴት ይሆናል? ጥፋቱስ የማን ነው?
ት.፣ ከብራይተን

መልስ፦ እህቴ፣ የመጀመሪያው አጭር ነው። የወንጀል ችሎት ከጥርጣሬ በላይ የሆነ ማስረጃ ይፈልጋል። ጠበቆቹ በበረራው ጫና የአብራሪው አእምሮ ደንዝዞ ሊሆን ይችላል ብለው ተከራከሩ። ጥርጣሬ ካለ ደግሞ ጥፋተኛ አይባልም። ኮሮነር ግን ማንንም አትቀጣም፤ ማስረጃው ወዳመዘነበት ትወስናለች።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ግን ያንገበግበኛል። ዕድሜዬን በአውሮፕላን ጥገና ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ጄቱ ሽቅብ ወጥቶ፣ ተገልብጦ፣ ክብ ሠርቶ መውረድ ነበረበት። ለዚህ አናቱ ላይ ሲደርስ ቢያንስ 3,500 ጫማ ከፍታ ያስፈልገዋል። የደረሰው 2,700 ገደማ ነው። ሽቅብ ሲጀምርም ፍጥነቱ አነስተኛ ነበር። መርማሪዎቹ እንዳሉት፣ አናቱን ካለፈ በኋላ እንኳ እስከ 4 ሰከንድ ድረስ ክቡን አቋርጦ መውጣት ይቻል ነበር። ከፍታው ካልሞላ ይተዋል፤ በቃ። ይሄ የአብራሪው ድርሻ ነው።

ግን መሬት ላይ ያሉትስ? በ1952 ፋርንቦሮ በተካሄደ የአየር ትርኢት ጄት አየር ላይ ተበታትኖ 29 ተመልካቾች ከሞቱ በኋላ ብሪታንያ ተመልካቹን የሚጠብቅ ጥብቅ ደንብ አወጣች። ደንቡም ሠራ። ሾረሃም ላይ የሞቱት ግን ሁሉም ከትርኢቱ ግቢ ውጭ፣ ኤ27 መንገድ ላይና ዳር ላይ ነበሩ። እግር ኳስ ሊጫወቱ በመኪና የሚሄዱ ወጣቶች ነበሩባቸው። እነዚህ ወጣቶች ትርኢቱን ለማየት እንኳ አልመጡም! የትርኢቱ ኃላፊ ደግሞ አብራሪው ምን ምን ሊሠራ እንዳቀደ በዝርዝር አያውቅም ነበር። ጄቱ በየትኛው መንገድ ላይ እንደሚያልፍ ካልታወቀ አደጋው በምን ይመዘናል? ደንቡም ያንን ዝርዝር አስቀድሞ እንዲያውቅ አላስገደደውም።

ስለዚህ እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ያለ ከፍታው የወረደው አብራሪ አለበት። ዝርዝሩን ሳይጠይቁ ያስበረሩትም አለባቸው። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም አለበት፤ አሮጌ ጄቶች በየብስ ላይ እንዲህ ያለ ትርኢት እንዳያሳዩ ያገደው ሰው ካለቀ በኋላ ነው።