ለ1971 ሆንዳ ሲቢ 350 ትክክለኛውን መሪ ስለማግኘት

የጥያቄዎ ፍሬ ነገር እንደተረዳሁት ይህ ነው፤ የገዙትን የ1971 (እ.ኤ.አ.) ሆንዳ ሲቢ 350 ሞተር ሳይክል ወደ ፋብሪካ መልኩ ለመመለስ ሲነሡ፣ የቀድሞው ባለቤት መሪውን አውጥቶ የእሽቅድምድም ዓይነት ዝቅተኛ መሪ ገጥሞበት አገኙት። ለሽያጭ ያዩዋቸው ሦስት መሪዎች ሁሉም «ለሲቢ 350 የሚሆን» ስለተባሉ የትኛው ትክክለኛ እንደሆነ፣ እንዲሁም ቀዳዳ የሌለውን ገዝቶ ራስን መብሳት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም የዚያኑ ዓመት ሞተር ሳይክል አድሼ፣ ትክክለኛውን ከማግኘቴ በፊት ሁለት የማይሆኑ መሪዎች ገዝቼ ስለነበር በዝርዝር እመልስልዎታለሁ።

ሻጮች አስቀድመው የሚነግሩዎት የቱቦውን ውፍረት ነው፤ 22.2 ሚሊሜትር፣ ማለትም 7/8 ኢንች ነው ይሉዎታል። እውነታቸውን ነው፤ ነገር ግን የዚያን ዘመን የጃፓን ሞተር ሳይክሎች አብዛኞቹ በዚሁ ልክ የተሠሩ ስለሆኑ ይህ ቁጥር የሚጠቅመው እንደ ሃርሊ ዴቪድሰን ያሉትን የ25.4 ሚሊሜትር መሪዎች ለመለየት ብቻ ነው። ውፍረቱ ስለገጠመ መሪው ትክክለኛ ነው ማለት አይደለም።

የዚህን ሞተር መሪ ከሌላው የሚለየው በውስጡ የሚያልፈው ሽቦ ነው። ሆንዳ በዚያ ዘመን የመብራቱን፣ የፍሬቻውን፣ የክላክሱንና የማስነሻውን ሽቦዎች በመሪው ቱቦ ውስጥ አሳልፎ፣ መሪውን በቡሎን አጥብቀው በሚይዙት በሁለቱ መያዣዎች መካከል ከመሪው ሥር ባለው ቀዳዳ አውጥቶ ወደ ፊት መብራቱ ቤት ያስገባቸዋል። ስለዚህ ትክክለኛው መሪ በግራና በቀኝ ማብሪያዎቹ በሚቀመጡበት ቦታ፣ እንዲሁም መሐል ላይ ከሥር በኩል ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። ከሦስቱ መሪዎች ሥዕላቸው ከላይ ብቻ የተነሣ ካሉ፣ ሻጩ ገልብጦ ከሥር አንሥቶ እንዲልክልዎት ሳይጠይቁ ገንዘብ አይክፈሉ። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት አዲስ መሪ በመልኩ እጅግ ያማረ ነበር፤ ሆኖም አንድም ቀዳዳ ስላልነበረው ሽቦውን ከውጭ አስሬ ለመንዳት ተገድጄ ነበር፤ ያ ሁሉ የታደሰ ክሮም ላይ ጥቁር ማሰሪያ ተደርድሮበት ማየት ልቤን ይሰብረው ነበር።

ቀጥሎ የሚታየው ቅርጹ ነው። የመሪውን ጠቅላላ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ከመያዣው ተነሥቶ መጨበጫው ድረስ ያለውን ከፍታ፣ ወደ ነጂው የሚመለስበትን ርቀት፣ በተለይም ደግሞ መሐል ላይ ያለውን ቀጥተኛ ክፍል ርዝመት ይለኩ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። መታጠፊያው ወደ መሐል በጣም ከቀረበ መያዣዎቹ ቀጥ ባለው ክፍል ላይ መቀመጣቸው ቀርቶ በመታጠፊያው ላይ ያርፉና ቡሎኑ የቱንም ያህል ቢጠብቅ መሪው አይጸናም። እንደ ሞረድ የሻከረው የመሐል ክፍል ከመያዣዎቹ ሥር በትክክል ማረፉንም ይመልከቱ። የሲኤል 350 መሪ ብዙ ጊዜ «ለ350» ተብሎ ስለሚሸጥ ይጠንቀቁ፤ ያ ሞተር ለሸካራ መንገድ የታሰበ በመሆኑ መሪው ሰፊና ከላይ ድጋፍ ዘንግ የተበየደበት ነው።

ስለ መብሳቱ የጠየቁትን በተመለከተ የእኔ ምክር ባይበሱት ይሻላል የሚል ነው። ፋብሪካው ቀዳዳውን ሲሠራ ቦታውንና ጠርዙን አስቦ ነው፤ በቤት መሰርሰሪያ የተበሳ ቀዳዳ ግን ጠርዙ ስለታም ሆኖ ይቀራል፤ ስንጥቅ የሚጀምረውም እንደዚህ ካለ ጠርዝ ነው። ከመያዣው ወደ ውጭ ባለው ክፍል መብሳት በተለይ አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም የእጅዎ ክብደትና የመንገዱ ንዝረት የሚበረታው እዚያው ላይ ነው። የፋብሪካ ቀዳዳ ባለው መሪም ቢሆን ጠርዙን በጣትዎ ዳስሰው፣ ሻካራ ከሆነ በጥሩ ሞረድ አለስልሰው ሽቦውን ያሳልፉ። ሽቦው ተልጦ ብረቱን ከነካ ፊውዙ ይቃጠላል፤ ይህ በሌሊት ጉዞ ላይ ቢሆን መብራት አልባ ያደርግዎታል።

ስለዚህ የሚሻለው ያገለገለ የፋብሪካ መሪ መፈለግ ነው። ሆንዳ ለመሪ ቱቦ የሚሰጠው የመለዋወጫ ቁጥር በ53100 ይጀምራል፤ ቀጥሎ የሚመጡት ሦስት አኃዞች የሞተሩን ዓይነት ይነግራሉ። የእርስዎ ሞተር ኬ3 የሚባለው የ1971 ሥሪት ስለሆነ ሙሉውን ቁጥር ከዚያው ዓመት የመለዋወጫ መጽሐፍ ላይ ይያዙ። በአካል አይቶ ለመግዛት በየዓመቱ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ሌክሲንግተን፣ ሚድ ኦሃዮ በሚባለው የእሽቅድምድም ሜዳ የሚደረገው የአሮጌ ሞተር ሳይክሎች ዝግጅት ትልቅ የመለዋወጫ ገበያ ስላለው ጉዞው ይክሳል። ሲሄዱ ሜትር፣ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) እና ማጉያ መነጽር ይያዙ።

ያገለገለ ሲገዙ የሚያሰጋው ወድቆ ታጥፎ እንደገና የተቃና መሪ ነው። ሁለተኛው መሪዬ እንደዚያ ነበር፤ ክሮሙ እንደ መስተዋት ያበራል፣ ዳሩ ግን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው አንደኛው ጫፍ አንድ ጣት ያህል ወደ ፊት ሄዶ ነበር፤ መሐሉን በማጉያ ሳየውም ከሻካራው ክፍል ጠርዝ የተነሣ ቀጭን ስንጥቅ አገኘሁበት። መሪ በእጅዎ ውስጥ ከተሰበረ የሚይዙት ሌላ ነገር የለምና እንዲህ ያለውን በነጻ ቢሰጡዎትም አይቀበሉ።

ትክክለኛውን ካገኙ በኋላ ሽቦውን ለማሳለፍ የብስክሌት ፍሬን ቀጭን ሽቦ አስቀድመው በቱቦው ውስጥ ያስገቡና የሽቦዎቹን ጫፎች እኩል ሳይሆን አንዱን ከሌላው ዝቅ አድርገው አስረው በቀስታ ይሳቡ፤ በአንድነት ከታሰሩ መታጠፊያው ላይ ይያዛሉ። የማስነሻው ቁልፍ ነጋቲቭ የሚያገኘው በመሪው ብረት በኩል ስለሆነ ማብሪያው በሚቀመጥበት ቦታ ቀለም ወይም ዝገት እንዳይኖር ያጽዱ። በመጨረሻም የቀድሞው ባለቤት ለዝቅተኛው መሪ ብሎ አጫጭር ኬብሎች አስገብቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ሞተሩን አስነሥተው ቆሞ ሳለ መሪውን እስከ ጥግ ወደ ግራ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ ያዙሩ። የሞተሩ ድምፅ በራሱ ከፍ ካለ የነዳጁ ኬብል እየተሳበ ነው ማለት ነው፤ ያንን ኬብል በትክክለኛው ርዝመት ሳይለውጡ ወደ መንገድ አይውጡ።